ጤዛ ነው አልኩህ

መጋቢት 20

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን አንብቤዋለሁና አትቆጣኝ። የሰው ፖስታ አይነካም ብለህ ጆሮዬን የቆነጠጥከኝን አልረሳሁም። ይሄኛውን ግን ቀድመህ የከፈትከው አንተው ነህ፤ አራት ቦታ አጥፈህ፣ ከእርሳስና ከሁለት ብሎን ጋር የሥራ ካፖርትህ ውስጠኛ ኪስ ውስጥ ከተኸዋል። ያገኘችው አክስቴ ናት። ካፖርቱን ልታጥበው ኪስ ኪሱን ስትፈትሽ አገኘችና «የትምህርት ቤት ወረቀት ይሆን?» ብላ ሰጠችኝ። ራሷ ልታነበው አልፈለገችም። ካንተ በኋላ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ ከሆስፒታል የመጣ ይመስላታል።

ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ለምዶ። ከተቀበርክ ሰባት ሳምንት ሊሆንህ ነው። እኛ ደህና ነን። አክስቴ የልብስ ስፌት ሱቋን ዘግታ እንደመጣች ናት፤ አልተመለሰችም። አልጋህ ላይ አልተኛም ብላ ሁለት አግዳሚ ገጥማ ነው የምትተኛው። ወገቤን እያለች ታማርራለች፤ አልጋው ላይ ተኚ ስላት ደግሞ ትቆጣለች።

ወረቀቱ ከወረዳው የእርሻ ድጎማ ጽሕፈት ቤት ነው። ጥር 21 ተጽፏል። የእርሻህን ስፋት አራት ሄክታር ተኩል ብለህ አስመዝግበህ ድጎማ ተቀብለሃል፣ ተቆጣጣሪያችን በመሣሪያ ሲለካው አራት ሄክታር ብቻ ሆኖ ተገኝቷል ይላል። ልዩነቱ ከአሥር በመቶ በላይ ስለሆነ ሐሰተኛ ማስታወቂያ ነው፤ ድጎማው ይታገዳል፤ ስምህም ለሦስት ዓመት በየቀበሌው ይለጠፋል ይላል። ተቃውሞ ካለህ ሠላሳ ቀን ሰጥተውሃል። ከሠላሳው ቀን ውስጥ በሕይወት የነበርከው አሥራ ሁለቱን ነው።

ለምን አልነገርከኝም? ያን ሰሞን «ቅዳሜ ገመዱን ያዝልኝና እንደገና እንለካ» ያልከኝ ለዚህ ነበር። እኔ መሬት በዓመት አንዴ አይደል የሚለካው፣ ምን ቸኮለ ብዬ ጨዋታ አለብኝ አልኩህ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ለባዶ ተሸነፍን። በሁለተኛው ቅዳሜ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። ሆዴን ትንሽ ቆረጠኝ ያልከው ትርፍ አንጀት መሆኑን የነገሩን ከፈነዳ በኋላ ነው።

ከወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ መልስ ጀምረሃል። እንዲህ ይላል፦ «መሬቱን የለካሁት በራሴ ገመድ ነው። ገመዱ ሃምሳ ሜትር ነው። እኔ ሐሰት አልጻፍኩም። ጫፉን የያዘው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ካላመናችሁኝ እሱን ጠይቁት።» እዚያ ላይ አቁመሃል።

አሁን የሐሰተኞቹ ስም ዝርዝር ማዳበሪያ መጋዘኑ በር ላይ ተለጥፏል። ሰባተኛ ነህ። ትምህርት ቤት ስሄድም ስመለስም አየዋለሁ። ክፍል ውስጥ «ሰባቴ» ብለው ስም አውጥተውልኛል። ባለፈው ሰኞ ቀደድኩት። በማግሥቱ ሌላ ተለጠፈ። ያንንም ቀደድኩ። መጋዘን ጠባቂው አይቶኝ ኖሮ ሙጫውን እንደያዘ ወጣና «አሥራ ሁለት ቅጂ ነው የላኩልኝ፤ ጣትህን አታድክም ልጄ» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ለዚህ ነው የበለጠ አንጀቴን ያሳረረው።

እንግዲህ እሱን ጠይቁት ብለሃል። ሳይጠይቁኝ ልጽፍላቸው ነው።

ጅራትህ

መጋቢት 22

ለወረዳው የእርሻ ድጎማ ጽሕፈት ቤት፣
ለተከበሩ መዝጋቢ፣

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም፤ ስህተት ካለበት ይቅርታ ያድርጉልኝ። መምህራችን ማመልከቻ አጭር መሆን አለበት ብለውናል፤ ይሄ ግን አላጥር ብሎኛል።

እኔ ሐሰተኛ ማስታወቂያ አቅርበዋል ተብለው ከተለጠፉት ውስጥ የሰባተኛው ወንድም ነኝ። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው፤ ተማሪ ነኝ። ወላጆቻችን ካለፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው። የካቲት 3 ቀን ሞቷል።

ወንድሜ ሐሰት የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ወተት ሲሸጥ ዝንብ ገብታ ከነበረ ዝንብ ገብታበት ነበር ብሎ የሚሸጥ ሰው ነው። ገመዱን ለብቻው ምስማር ላይ ሰቅሎ ነው የሚያስቀምጠው፤ ላም እንዳይታሰርበት፣ እንጨት እንዳይታሰርበት። ሲለካ እሱ የገመዱን ራስ ይዞ ወደፊት ይሄዳል፣ እኔ ጅራቱን ይዤ እቆማለሁ። «ያዝ!» ይለኛል፤ «ይዣለሁ!» እለዋለሁ። ያላልኩ እንደሆነ አይቆጥርም። ማስታወቂያውን በሞላበት ቀንም እንደዚያው ነው የለካነው። የጀመረውን መልስ ገልብጬ አያይዣለሁ።

የተቃውሞ ጊዜው እንዳለፈ አውቃለሁ። ቢሆንም ስሙ ከበሩ ላይ እንዲነሳልኝ እለምናለሁ። ስለ ክፍያው አልጠየቅኩም።

ከአክብሮት ጋር፣
የባለይዞታው ታናሽ ወንድም

ሚያዝያ 2

ለባለይዞታው፣
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጊዜው ያለፈበት ተቃውሞን ይመለከታል

መጋቢት 22 ቀን በተጻፈ ማመልከቻ በስምዎ የተያዘው ውሳኔ እንዲነሳ መጠየቁ ይታወሳል። ሆኖም ማመልከቻው በባለይዞታው ፊርማ የቀረበ ባለመሆኑ ልንቀበለው አልቻልንም። እንዲሁም በማመልከቻው ላይ የሞቱ መሆንዎ ስለተገለጸ፣ ይህንኑ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ይዘው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በአካል ቀርበው እንዲያስረዱ እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር፣
መዝጋቢ

ሚያዝያ 5

ለተከበሩ መዝጋቢ፣

ደብዳቤዎ ደርሶናል። ወንድሜ በአካል መቅረብ አልቻለም። የሞት ማስረጃውን እኔ ልኬዋለሁ። ወንድሜ እሱ ላይ ለመፈረም ሲመቸው ይመጣል።

ይቅርታ፤ ከላይ ያለው መስመር እንዲሰረዝ ይሁንልኝ። ሌላ ንጹሕ ወረቀት ስለሌለኝ ነው እንደገና ያልጻፍኩት።

ከማኅተሙ ሥር በእጅዎ በእርሳስ የጻፏቸውን ሦስት ጥያቄዎች አይቻለሁ። የመጀመሪያው መልስ፦ አይ፤ ከመለካታችን በፊት ገመዱን ማንም አልነካውም። ሳይነካ ነው የዋለው ያደረው።

ሁለተኛውን ጥያቄ በተመለከተ፣ ገመዱ አልተበጠሰም፣ አልተቀጠለም። አሮጌም አይደለም። ባለፈው ዓመት ገመድ ከሚገምዱት ሽማግሌ ተለክቶ የተገዛ ነው።

ሦስተኛውን ጥያቄ ለምን እንደጠየቁኝ አልገባኝም። ምሳ በልቻለሁ፤ አክስቴ አለችልኝ።

የባለይዞታው ወንድም

ሚያዝያ 21

ለተከበሩ መዝጋቢ፣

ጥበቃውን የተሳደብኩት እኔ ነኝ። እርስዎ በስም ሳይጠሩኝ «አንድ ተማሪ መሰል ወጣት» ብለው በመጻፍዎ አመሰግናለሁ። ዩኒፎርም ለብሼ ስለነበር መሰል አይደለሁም፤ ተማሪ ነኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ፈተና ስላልነበረን በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ተጉዤ መጣሁ። ጥበቃው ቁጥር ያዝ አለኝ። ያዝኩ። መስኮት አራት ሂድ አለኝ። መስኮት አራት ያለችው ልጅ የሟች ጉዳይ መስኮት ሁለት ነው አለች። መስኮት ሁለት ያለው ሰውዬ የድጎማ ጉዳይ መስኮት አራት ነው አለ። የሟች የድጎማ ጉዳይስ ስለው ሳቀና «እሱ እንኳ ከባድ ነው» አለኝ። ይኸውና እስከ ምሳ ሰዓት ሁለቱ መስኮቶች መሃል ስመላለስ ቆየሁና በሩ ተዘጋ። ከሰዓት ሲከፈት ጥበቃው የጠዋቱ ቁጥር አይሠራም፣ አዲስ ያዝ አለኝ። ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። እናቱን አላነሳሁም። እሱ አነሳህ ካለ ዋሽቷል።

እርስዎ ያን ዕለት ስብሰባ ላይ እንደነበሩ ከደብዳቤዎ ተረዳሁ። ቢኖሩ ኖሮ ምን እንደምልዎት ግን አላውቅም። ሲለካ ጅራቱን ይዤ ነበር፤ ይህንኑ ነው የማውቀው።

ለጠየቁኝ ጥያቄ ባለፈው መልሻለሁ። ማንም አልነካውም። ደጋግመው ባይጠይቁኝ።

የባለይዞታው ወንድም

ግንቦት 1

ወንድም ጋሼ፣

እስካሁን ጠፍቼብህ የሰነበትኩት ስለማልጽፍ አልነበረም። ጀምሬ እየቀደድኩ ነው።

አክስቴ ገመድህን ከምስማሩ አውርዳ የልብስ ማስጫ አድርጋዋለች። ከቤቱ ጥግ እስከ ጎተራው፣ ከጎተራው እስከ አጥሩ ዙሪያውን ወስዳዋለች። ሳየው ደሜ ፈላ፤ ልጮህባት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ግን ገመዱ ላይ የተሰጣው ካፖርትህ መሆኑን አየሁና ተውኩት። ረግቦ ነበር፤ የካፖርቱ ጫፍ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው።

ትናንት ማታ ዘነበ። አክስቴ ልብሱን ሰብስባ አስገባች፤ ገመዱን ያስታወሰው የለም። ዛሬ ጠዋት ስነሳ እንደ ጊታር ክር ተወጥሯል። የአጥሩ እንጨት ወደ ግቢው ዘሟል። አክስቴ ወገቧን ይዛ ቆማ «ይሄን እንጨት ማን ጎተተው?» አለችኝ። ነፋስ ነው አልኳት።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ ስዋሽ ሁልጊዜ በአየሩ ነው የማሳብበው።

ጥቅምት ላይ ትዝ ይልሃል? ማስታወቂያው የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት አንተ ወፍጮ ቤት ሄደህ ሳለ ባልዲው ጉድጓድ ውስጥ ወደቀብኝ። የጉድጓዱ ገመድ አብሮት ገብቷል። ሌላ ገመድ ስላልነበረ ያንተን አወረድኩና ሜንጦ አስሬ ባልዲውን አወጣሁ። ገመዱ ውኃ ጠጥቶ ነበር። አንተ እንዳታይብኝ በከረጢት ከተትኩት። ጠዋት እርሻው ላይ ስትፈታው እጅህን ሱሪህ ላይ ጠረግህና «ማን ነካው?» አልከኝ።

ጤዛ ነው አልኩህ።

«ጤዛ ከረጢት ውስጥ ገባ?» ብለህ ሳቅህ። ደግሞም ቸኩለህ ነበር፤ የመጨረሻው የወረዳው አውቶቡስ በሦስት ሰዓት ነው የሚነሳው። ለካን። «ያዝ!» አልክ። «ይዣለሁ!» አልኩ። ርዝመቱ አምስት ገመድና ሲሶ ሆነ። አንተም «መሬት በዓመት ያድጋል እንዴ?» ብለህ አምናና ካቻምና የለካኸውን አሰብክ። አሮጌው ገመድ ተስቦ ረዝሞ ነበር ማለት ነው፣ አዲሱ ነው ልክ አልክ። በአዲስ ገመድህ እንዴት ተማምነህ እንደነበር! ቅጹን ሞላህ፣ ፈረምክ፣ ሄድክ።

ዛሬ ከትምህርት ቤት መልስ የፊዚክስ መምህሩን አስፈቅጄ የሜትር እንጨት ይዤ መጣሁ። ሲያካፋ ስለዋለ ገና እርጥብ ነበር፤ ለካሁት፤ አርባ ሰባት። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ሁለቴ ለካሁ። አርባ ሰባት። ምድጃው አጠገብ ዘርግቼ እያደረቅኩት ነው። አክስቴ የቤቱ ወለል ሁሉ ገመድ ሆኖ ስታይ ምን እየሠራህ ነው አለችኝ። የቤት ሥራ አልኳት። ቢያንስ በአየሩ አላሳበብኩም።

እሱን ጠይቁት ብለህ ነበር። እነሱም ጠየቁኝ፤ ሁለት ጊዜ። ሁለት ጊዜም ማንም አልነካውም አልኩ።

ጅራትህ

ግንቦት 3

ለተከበሩ መዝጋቢ፣

ሚያዝያ 5 እና ሚያዝያ 21 የጻፍኩልዎት ውሸት ነው። ገመዱን ነክቼዋለሁ።

ከመለካታችን በፊት በነበረው ምሽት ከጉድጓድ ባልዲ አወጣሁበት። ረጥቦ ነበር። ወንድሜ ሲጠይቀኝ ጤዛ ነው አልኩት። ገመድ ሲረጥብ እንደሚያጥር አላውቅም ነበር፤ እሱም አያውቅም። አሁን ለክቼዋለሁ፦ ደረቁ ሃምሳ፣ እርጥቡ አርባ ሰባት፣ ሲደርቅ ተመልሶ ሃምሳ። ባጠረ ገመድ ሲቆጠር መሬቱ የሰፋ ይመስላል። አስልቼዋለሁ፤ ግማሽ ሄክታሩ ከዚያ ነው የመጣው። ስሌቱን በሁለት ገጽ አያይዣለሁ። መምህራችን ትክክል ነው ብለው ፈርመውበታል፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም።

ስለዚህ ሐሰት የተናገረው ሰባተኛው ሰውዬ አይደለም። እኔ ነኝ። የእሱን ስም አውርዱና የኔን ስቀሉ።

አክስቴ አታውቅም። ደብዳቤ ሲልኩ እባክዎ በትምህርት ቤቱ አድራሻ ይሁን።

የባለይዞታው ወንድም

ግንቦት 11

ይድረስ ለወንድምየው፣

ይህን በእጄ የምጽፈው ገና መዝገብ ስላልከፈትኩለት ነው። በዚህ ወንበር ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። «በደል ደረሰብኝ» የሚል ማመልከቻ መደርደሪያ ሙሉ አለ። «ስህተቱ የኔ ነው» ለሚል ማመልከቻ ግን የመዝገብ ቁጥር የለንም። የት እንደማስገባው ቸግሮኝ አራት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ሰነበተ።

መመሪያውን አገላብጬ አይቻለሁ። የመለኪያ ስህተት ሐሰተኛ ማስታወቂያ አይባልም። ነገር ግን ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ መለኪያው ራሱ ኮሚቴው ፊት መቅረብ፣ ስህተቱን የሠራው ሰው መፈረም፣ ሰውየው ለአካለ መጠን ካልደረሰ ደግሞ አሳዳጊው አብሮ መፈረም። ስለዚህ አክስትህ ሳያውቁ የሚሆን ነገር የለም። እኔ አልነግርም፤ አንተ ንገራቸው።

ማክሰኞ ግንቦት 21 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ና። ቁጥር አትያዝ። ለጥበቃው ተናግሬያለሁ፤ እናቱን እንዳላነሳህም አምኗል።

የመጀመሪያ ደብዳቤዬን ለወንድምህ አድርጌ ስለላክሁ ይቅርታ አድርግልኝ። ቅጹ ሌላ አድራሻ አይቀበልም ነበር። ቅጹ ነው ማለት ግን ያው እንዳንተ በጤዛ ማሳበብ ነው።

ገመዱን ደረቅ አድርገህ አምጣው።

መዝጋቢዋ

ግንቦት 23

ወንድም ጋሼ፣

ለአክስቴ የነገርኳት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ቤት ብነግራት ኖሮ አትሄድም ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ሰው ስላለ አትጮህም። እንደገመትኩት አልጮኸችም። ጭኗ ላይ የነበረውን ገመድ በሁለት እጇ አቅፋ ሦስቱን ሰዓት መስኮት መስኮቱን ስታይ ሄደች።

መዝጋቢዋ አጭር ሴት ናት። ድምፅዋን ከደብዳቤዋ የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ ጎርናና ነው። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ እሷ፣ የለካው ተቆጣጣሪና አንድ መነጽራም ሰብሳቢ። ሰብሳቢው ገመዱን ሲያይ «ይሄ ነው ምስክሩ?» አለ። ኮሪደራቸው ሃያ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ከቢሮው ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ዘረጋነው። በብረት ሜትር ለኩት፤ ሃምሳ፣ አንድ ጣት ሲቀረው። ከዚያ የጽዳት ሠራተኛዋን ባልዲ ለምነን ነከርነው። አንድ ሰዓት ይቆይ ተባለ። ሴትዮዋ ኮሪደሩን ገና ወልውላ ነበርና ባልዲው ሲንጠባጠብ ስታይ «ከእርሻችሁ ጭቃውንም ይዛችሁ አትመጡም ነበር?» እያለች ዙሪያችንን ስትዞር ቆየች። አክስቴ ማጽጃውን ተቀብላት ራሷ ወለወለችው። እዚያ ብትቀመጥ ኖሮ የምታለቅስ ይመስለኛል።

እርጥቡ አርባ ሰባት ሆነ። ተቆጣጣሪው ተንበርክኮ ሁለቴ ለካ፤ ልክ እንደኔ።

ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ «እንግዲህ ውሸታሙ ገመዱ ነው። ገመድ ደግሞ አይፈርምም» አለ። የሚስቅለት ጠብቆ ነበር።

እኔ እፈርማለሁ አልኩ።

መዝጋቢዋ ቅጹን ሞላች። «ስህተቱን የፈጸመው» የሚል ቦታ አለ። ሰብሳቢው ሟቹ ይጻፍ፣ ልጁን ለምን ታስገቡታላችሁ፣ ሟቹ ምን ይጎድልበታል አለ። መልካም አስቦልኝ ነው። ለእኔ ግን ሁለት ወር የታገልኩት ሁሉ ወደ ሰባተኛ ቁጥር ተመልሶ የሚሄድ መሰለኝ። መዝጋቢዋ ቀና ሳትል የኔን ስም ጻፈች። አክስቴ ከሥሬ ፈረመች። የፈረመችው ልብስ የምትለካ ይመስል ቀስ ብላ ነው።

ለድካማችን ሁሉ ያገኘነውን ልንገርህ። የተቀበልከው ትርፍ ክፍያ ከሚመጣው ይቀነሳል። የእርማት ማስታወቂያ እስከ ግንቦት 30 ካልገባ ደግሞ የዘንድሮው ድጎማ ይቀራል። ማን ይለካል ስላቸው «ባለይዞታው ነው» አሉኝ። ባለይዞታው ማን ነው ስላቸው ሰብሳቢውም ተቆጣጣሪውም እኔን አዩኝ።

ስንመለስ አክስቴ እርጥቡን ገመድ ጭኗ ላይ ጠቀለለችው። ከዚያ እኔን ሳታይ «ጤዛ ከረጢት ውስጥ እንደማይገባ እሱም ያውቃል» አለች። «እያወቀ ነው ያለፈህ።» ውሸታም አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ መጋዘኑ በር ላይ አዲስ ወረቀት ወጣ። ስድስት ብለው ወደ ስምንት አልፈዋል፤ አንተ የለህም። ከሥሩ ሌላ ትንሽ ወረቀት አለ፦ «የመለኪያ ስህተት፣ ስህተቱን የፈጸመው» ይልና ስሜ። ጠባቂው ሙጫው ጣቱ ላይ እንዳለ «ይሄንንስ ትቀድደዋለህ?» አለኝ።

«አልቀድደውም» አልኩት።

«ጥሩ። የዚህ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለኝ» አለ።

አክስቴ እሑድ ትሄዳለች። ሱቋ ከተዘጋ ሦስት ወር ከግማሽ ሆነው፤ ደንበኞቿ ሌላ ሰፊ ይዘዋል። አብረን እንሂድ ብላኝ ነበር። ፈተና አለብኝ፣ መሬቱም ይለካ አልኳት። ብዙ አልተከራከረችኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ትናንት አልጋህ ላይ ተኛች።

ጅራትህ

ግንቦት 27

ወንድም ጋሼ፣

አክስቴ ትናንት ሄደች። አውቶቡሱ ውስጥ ሆና በመስኮት የነገረችኝ ሁሉ ስለ ምድጃውና ስለ በሩ መቀርቀሪያ ነው። ካፖርትህን ተኩሳ በሩ ጀርባ ሰቅላልኝ ሄዳለች። ብሎኖቹን ኪሱ ውስጥ መልሳቸዋለች።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ነቃሁ። የሚቀሰቅሰኝ ስለሌለ እንቅልፍ ይጥለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ወፎቹ ሳይነሱ ነቃሁ። እሳት አላነደድኩም። ፊቴን ታጠብኩ። ገመዱን ከምስማሩ አወረድኩና ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ አሳለፍኩት። ደረቅ ነው። ጉንጬ ላይም አስነካሁት። ካስማና መዶሻ ይዤ ወረድኩ።

እርሻው ላይ ጤዛ ነበር። የእውነት ጤዛ። ሣሩ ጫማዬን እስከ ቁርጭምጭሚቴ አራሰው። ገመዱን ትከሻዬ ላይ እንደጠመጠምኩ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ፤ መሬት እንዳይነካ። የትምህርት ቤቱ ደወል እንደሚደወል አውቃለሁ፤ ከመንገዱ ተማሪዎቹ ሲያልፉም አየኋቸው። አንዱ «ሰባቴ፣ አትመጣም?» ብሎ ጮኸ። ወረቀቱ እንደተቀየረ ገና አልሰማም። እጄን አውለበለብኩለት። ፀሐይዋ ጎተራውን አልፋ እርሻው ላይ እስክትደርስ ጠበቅኩ። ሣሩን በመዳፌ እየዳሰስኩ ጠበቅኩ።

ሲደርቅ ካስማውን እኔ ሁልጊዜ የምቆምበት ቦታ መታሁና ጅራቱን አሰርኩበት። የገመዱን ራስ ይዤ ወደፊት ሄድኩ። ገመዱ ሲወጠር ሳላስበው «ያዝ!» ብዬ ጮህኩ። ካስማው ይዞ ነበር።

በየገመዱ ተመልሼ ካስማውን ነቅዬ መምታት ስለነበረብኝ እርሻውን እጥፍ ሄድኩት። ርዝመቱ አምስት ገመድ ሆነ። ልክ አምስት፤ ሲሶ የለውም። ወርዱንም ለካሁ። ቅጹ ላይ አራት ሄክታር ብዬ ጻፍኩና «ለኪው» በሚለው ላይ ፈረምኩ። ገመዱን ጠቅልዬ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩ።

ትምህርት ቤት ስደርስ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ተጀምሯል። የፊዚክስ መምህሩ በሩ ላይ አስቁሞኝ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ ለምን አረፈድክ አለኝ።

ጤዛ ነው አልኩት።

አላመነኝም።